«አቤት» ያለው ማን ነበር?

ሰው ሕይወቱን የቀየረለት ነገር ምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚያምር ነገር ይናገራል። አንዱ ያነበብኩት መጽሐፍ ነው ይላል፤ ሌላው በሕልሜ ያየሁት ነው ይላል፤ ሌላው አንድ ገዳም ሄጄ አንድ አባት የተናገሩኝ ቃል ነው ይላል። እኔ የማሳምረው ነገር የለኝም። የኔን ሕይወት የቀየረው ሽንት ነው፤ ያውም የሁለት ሰው። የሚጸየፍ ካለ ከአሁኑ ገጹን ይግለጥ፤ አልቀየምም። እኔም ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጸየፈው ነው የኖርኩት።

ማስተዋል እባላለሁ። የአዘና ልጅ ነኝ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ እንጅባራ፣ እኛ እስካሁን ቆሰበር የምንላት ከተማ፣ አንድ ጤና ኮሌጅ ውስጥ የሜዲካል ላቦራቶሪ ተማሪ ነበርኩ። የተመኘሁት ሕክምና ነበር፤ የፈተና ውጤቴ ግን የራሱ ሐሳብ ነበረው። አባቴ «ጤና ኮሌጅ ገባሁ» ስለው «ጤና» የሚለውን ሰማ፤ የቀረውን አልሰማም። በማግስቱ ገበያ ወጥቶ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ብሎ አወጀ።

ከዚያ በኋላ ለበዓል አዘና ስገባ፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ «ዶክተር! ዶክተር!» ይሉኛል። እኔስ? እኔማ «አቤት!» እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ላርማቸው አስቤ ነበር። ነገር ግን «ዶክተር አይደለሁም፤ ሰዎች በክብሪት ቀፎ የሚያመጡትን ዓይነ ምድር የምመረምር ነኝ» የሚባለው በየትኛው አፍ ነው? አንዴ አቤት ካሉ በኋላ ሁለተኛው ቀላል ነው። ጎረቤቶቻችን ጉሮሯቸውን ከፍተው ያሳዩኛል፣ ወገባቸውን ያስነኩኛል፤ እኔም ግንባሬን ቋጥሬ ለሁሉም «ውኃ በብዛት ይጠጡ» እላለሁ። እስካሁን በውኃ የሞተብኝ የለም። ይችን «አቤት» ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

በመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ዳንግላ ተመደብኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ የሱን ስም ማንሳት ነውር ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ምንይችል ይባላሉ። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ከማይክሮስኮፕ ጋር ከመኖር ብዛት ሰውንም በአንድ ዓይናቸው የሚያዩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ፊታቸው ቆምኩ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ማስተዋል።»

«ያወጣልሽ ሰው ተስፋ ነበረው» አሉና ወደ ሽንት ጠረጴዛው ላኩኝ።

ጋሼ ምንይችል አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በቀን አሥር ጊዜ ይደጋግሙታል። «ስም ጠርተሽ ኩባያ አትስጭ፤ ስም ጠይቀሽ ስጭ። የኛ አገር ሰው ከተጠራ አቤት ይላል። የተጠራው እሱ ባይሆንም ይላል። 'ከበደ ነህ?' ብትይው አዎ ይልሻል፤ ለምን ቢባል አንችን ላለማሳፈር። 'ስምህ ማን ነው?' ስትይው ግን መቼም የሰው ስም አይነግርሽም። ስም የሌለው ኩባያ ሽንት ብቻ ነው፤ ይደፋል። የተሳሳተ ስም ያለው ግን መርዝ ነው።»

እኛ ተማሪዎቹ ማታ ማደሪያችን ውስጥ ድምፃቸውን እያስመሰልን «ስም የሌለው ኩባያ…» እያልን እንስቅባቸው ነበር። በተለይ እኔ። ድምፃቸውን እንደኔ የሚያወጣ አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አግዳሚው ወንበር ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ከላቦራቶሪው መስኮት ፊት ለፊት አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ የሁለት ሊትር የውኃ ላስቲክ ታቅፈው በየመሐሉ ይጎነጫሉ። ከጎናቸው አንዲት ወጣት ሴት ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ልብስ የሞላ ትልቅ ፌስታል ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እናትየው አጠገባቸው ለተቀመጠች ሴት ሲነግሯት መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ምራቴ ናት። ይዣት የመጣሁት ቁርጡን ለማወቅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ! ጎረቤቴ ከኛ በኋላ ልጇን ድራ ሁለት ጊዜ ክርስትና ጠርታኛለች።»

«ጊዜው ሲደርስ ይሰጣል እኮ፣ እማማ።»

«ጊዜውማ ሄደ! አሁን ደግሞ ሁለት ወር ቀርቶብኛል አለች። አምናም ብላኝ ነበር፤ ገንፎ እህሉን አዘጋጅቼ ወሬው ቀልጦ ቀረ። ዛሬ ሐኪሙ የለም ካለ፣ ልብሷም ይኸው በእጇ ነው፣ ከዚሁ ወደ አባቷ አገር። ልጄም ተስማምቷል።»

ልጃቸው መስማማቱን እንጃ። እሳቸው ፊት የማይስማማ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

«እግረ መንገዴን እኔም ኩላሊቴን ልታይ ብዬ ነው። ሽንት እንደ ክረምት ያመላልሰኛል» አሉና ደግሞ ተጎነጩ።

ልጅቷ ይህ ሁሉ ሲባል ቀና አላለችም። ከካርዱ ላይ ስሟን አየሁት፤ አትጠገብ ዓለሙ። ስሟ አትጠገብ ነው፤ አማቷ ግን በሦስት ዓመት ጠግበዋታል። በሆዴ እንዲህ ብዬ ሳቅሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነበርኩ ያኔ።

ሁለት ኩባያ አነሳሁ፤ ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ስማቸውን ጻፍኩ። እስከዚህ ጎበዝ ነኝ። ከዚያ ስልኬ ላይ የክፍል ልጆች የላኩትን የሚያስቅ ነገር እያየሁ፣ አንገቴን ሳላቀና ጮህኩ።

«አትጠገብ!»

«አቤት!» አለኝ አንድ ድምፅ። እጅ በመስኮቱ ገባ፤ ኩባያውን አቀበልኩ።

ትንሽ ቆይቼ የአማቷን ስም «ተዋበች ቸኮል!» ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። «ተዋበች!» ዝም ያለች እጅ መጣች፤ ያችን ሁለተኛዋን ኩባያ ይዛ ሄደች። የእጆቹን ባለቤቶች አላየሁም። ስልኩ ላይ አንድ ፍየል ሰው እያሳደደ ነበር።

ኩባያዎቹ ተመለሱ። አትጠገብ ከሚለው ውስጥ የእርግዝናውን ስትሪፕ፣ ያችን ቀጭን መመርመሪያ ወረቀት፣ ነከርኩ። አንድ መስመር ከሆነ የለም፤ ሁለት ከሆነ አለ ማለት ነው። ጠበቅሁ፤ አንድ መስመር። ተዋበች የሚለውን ደግሞ ለስኳሩም ለምኑም በሚሆነው ስትሪፕ አየሁት፤ እንደ ምንጭ ውኃ ንጹሕ። ሁለቱንም ጽፌ ለጤና መኮንኑ ላክሁ። ለልጅቷ ትንሽ አዘንኩ፤ ሐዘኔ ግን ስልኬ እስኪጠራ ድረስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከጤና መኮንኑ ክፍል ወጡ። እናትየው ፊታቸው በርቷል፤ የልጅቷ ጠቁሯል።

«ሰማሽ?» ይሏታል። «የኔ ሽንት ንጹሕ ነው ተባልኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ያንችን ደግሞ በጆሮሽ ሰምተሻል። በይ እንሂድ።»

ልጅቷ መስኮቴ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ቀና ብላ አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ከፍታ ዘጋችው። እኔ መጸዳጃ ቤት የጠፋባት መስሎኝ በጣቴ አቅጣጫውን አሳየኋት። እስከዛሬ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይሄ ነው፤ ጣቴ።

ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ጋሼ ምንይችል ሻይ ጠጥተው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ ዓይናቸው ተተከለ።

«ማስተዋል፣ ይሄ ሠርግ የማን ነው?»

ዞር አልኩ። ከመስኮቱ ስንጥቅ ተነስቶ፣ ጠረጴዛውን አቋርጦ፣ ሳልከድነው የተውኩት ኩባያ ድረስ የጉንዳን ሰልፍ ተዘርግቷል። ጠርዙ ላይ ተኮልኩለዋል፤ የጠገቡት ይመለሳሉ፤ ያልጠገቡት ይገባሉ።

«ኧረ አሁን አጸዳዋለሁ ጋሼ።»

«ጽዳቱን ተይው። የማን ነው አልኩሽ?»

«አትጠገብ ዓለሙ። ሃያ ዓመቷ ነው።»

«ለምን መጣች?»

«ለእርግዝና።»

«ጉንዳን እርግዝና አይመረምርም» አሉና የስኳሩን ስትሪፕ አንስተው ነከሩ። ቀለሙ እያየነው ጠቆረ። በስትሪፑ ዕቃ ላይ ካለው ሰንጠረዥ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ጋሼ ምንይችል መነጽራቸውን አደረጉ። «ከሷ ጋር ሰው ነበር?»

«አማቷ ነበሩ። እሳቸውም ሽንት ሰጥተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሲጠጡ…»

አፌ ላይ ቀረ።

«የሳቸውን ኩባያ አምጭ» አሉኝ ቀስ ብለው።

አመጣሁ። የእርግዝናውን ስትሪፕ ነከርኩ። አንድ መስመር መጣ። ከጎኑ ሁለተኛው፣ ቀጥ ብሎ፣ ቀይ ሆኖ መጣ። ፕላስተሩ ላይ በራሴ የእጅ ጽሕፈት «ተዋበች ቸኮል፣ 62» ይላል።

«እንኳን ደስ አለሽ» አሉ ጋሼ ምንይችል። «ከአብርሃሟ ሣራ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናቸው።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ኩባያውን ስትሰጭ ስም ጠይቀሻል?»

«ጠርቻለሁ…»

«ማን አቤት አለ?»

አሰብኩ። ድምፁን አስታወስኩት፤ የወጣት ድምፅ አልነበረም።

«አሮጊቷ።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷማ ከመጣች ጀምሮ ቃል አልተናገረችም።»

«አማቷ ፊት እንዴት ብላ ትናገር?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «ምራት ስትጠራ አማት ነው አቤት የሚለው። ይህን አንች የአዘና ልጅ አታውቂም? ይህን ላስተምርሽ ከውጭ አገር ፕሮፌሰር ይምጣ?»

የልጅቷ ፌስታል ትዝ አለኝ። ልብሷም በእጇ ነው። ከዚሁ ወደ አባቷ አገር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንባዬ መጣ። ጋሼ ምንይችል ካርዱን አገላበጡ፤ የስልክ ቁጥር የለውም። የአባቷ አድራሻ ግን አለ፤ አዘና፣ የኔው አገር። ወደዚያ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የቆሰበርን መኪና ነው የሚይዘው።

«ሩጭ» አሉኝ።

«ጋውኔን ላውልቅና…»

«እንደለበስሽ ሩጭ! ዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው?» በሩ ላይ ስደርስ ደግሞ ጠሩኝ። «ስሚ፤ ሕዝብ ፊት ስለ እርግዝና ትንፍሽ እንዳትይ። ስለ ስኳርም። የሰው ምስጢር ነው። የራስሽን ጥፋት ግን እንደፈለግሽ አውሪው፤ የግልሽ ነው።»

ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሹፌሩ ጋውኔን አይቶ «ምነው ዶክተር፣ ሰው ሞተ እንዴ?» አለኝ። «ገና ነው፤ ንዳው!» አልኩት። መናኸሪያ ስንደርስ የቆሰበሩ ሚኒባስ ሞልቶ ከበሩ እየወጣ ነው። በመስኮቱ የውኃ ላስቲክ አየሁ። ወርጄ ሮጥኩና መኪናው ፊት ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ረዳቱ በሩን ከፈተ። «ቆሰበር ነሽ? ጠጋ ጠጋ እናደርግልሻለን፣ ግቢ!»

«አልሄድም! ሁለት ሰው አውርድልኝ!»

«እኛ የምንጭን እንጂ የምናወርድ አይደለንም፤ ዞር በይ እህቴ!»

አንገቴን በበሩ አስገባሁ። እማማ ተዋበች ከሁለተኛው ወንበር አዩኝ። ልጅቷ ፌስታሏን ታቅፋ ጥጉ ላይ ናት።

«እማማ፣ ይውረዱልኝ፤ ምርመራው እንደገና መሠራት አለበት።»

«ለምን ሲባል? ዶክተሩ ጨርሶ ነግሮናል እኮ!»

ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ብድግ አለ። «ኧረ! ይች የአያሌው ልጅ አይደለችም? የአዘናዋ ዶክተር! ዶክተር!»

መኪናው ሙሉ ወደኔ ዞረ። ረዳቱ እንኳ እጁን ከበሩ ላይ አወረደ። «አቤት» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ለምዳለቻ። እማማ ተዋበች ግን ቀደሙኝ።

«ዶክተር ነሽ? እንግዲህ ዶክተር ለዶክተር ተነጋገሩ። የዶክተር ቃል አንድ ነው፤ ያኛው የለም ብሎኛል፤ የለም። ንዳው ልጄ!»

ሹፌሩ ማርሽ አስገባ። ልጅቷን አየኋት። ዓይኗ ቅድም መስኮቴ ላይ ያየሁት ዓይን ነው፤ አፏም እንደዚያው ተዘግቷል። ዶክተር ነኝ ብል መኪናው ይሄዳል፤ እሷም ትሄዳለች። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዶክተሩ አልተሳሳተም!» ብዬ ጮህኩ። «እኔ ዶክተር አይደለሁም! ሽንት መርማሪ ነኝ! እሱንም ገና ተማሪ ነኝ! የሁለታችሁን ሽንት ያቀያየርኩት እኔ ነኝ!»

ረዳቱ ጭንቅላቱን ያዘ።

«ሽንት ተቀያየረ? እኔ እስከዛሬ የሚቀያየረው ሻንጣ ብቻ ይመስለኝ ነበር!»

ሳቁ ፈነዳ። ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፋ። የአዘናው ሰውዬ ግን አልሳቀም፤ ራሱን እየነቀነቀ «አይ አያሌው!» ብቻ አለ። ያች «አይ አያሌው» ከኔ በፊት አዘና እንደምትገባ አወቅሁ።

እማማ ተዋበች ግን ፍንክች አላሉም። «የኔ ንጹሕ ነው ተብያለሁ። ንጹሕ ሽንቴን ለማንም አልመልስም!»

«እማማ፣ እንውረድ።»

የተናገረችው አትጠገብ ናት። ድምፅዋ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን ሳቁን አቆመው። እማማ ተዋበች ወንበሩ የተናገረ ይመስል ዞር አሉ።

«ምን አልሽ?»

«ኩባያው ላይ ስሜን አይቼው ነበር። በእርስዎ እጅ ነበር፤ የእርስዎ ደግሞ በኔ እጅ።»

«ታዲያ አይተሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ አቤት ብለው ነበራ።»

እማማ ተዋበች የውኃውን ላስቲክ ክዳን አጥብቀው ዘጉ፤ ደግሞ ከፈቱ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ወረዱ። ልጅቷ ተከተለች። ረዳቱ ከኋላችን «እህቴ፣ ስንመለስ የኔንም ታይልኛለሽ!» እያለ መኪናው ሄደ።

ሦስታችን በአንድ ባጃጅ ተመለስን። በመንገድ ላይ እማማ ተዋበች ሽንቴ መጣ ብለው አንድ ጊዜ አስቆሙን፤ ትንሽ ሄደን ደግሞ አስቆሙን። ሰው ቤት እያንኳኩ ይገባሉ። ናሙናዬ በየመንገዱ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ እንጂ ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

ጋሼ ምንይችል መስኮቱ ላይ ቆመው ጠበቁን። ሁለት አዲስ ኩባያ ይዘዋል። ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«አት…» ብለው እማማ ተዋበች ጀመሩ። ልማድ ነው፤ ክፋት አልነበረበትም። ጋሼ ምንይችል ፈገግ አሉና ያንኑ ጥያቄ በአዊኛ፣ በልጅቷ አገር ቋንቋ፣ ደገሙት። እማማ ተዋበች አዊኛ አንድ ቃል አያውቁም። አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ልጅቷ ግን ነጠላዋን ከቅንድቧ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች፤ ያ የተዘጋ አፍ ተከፈተ። እኔ የአዘና ልጅ ስለሆንኩ ሰማሁት። ስሟን ነገረቻቸው፤ የአባቷን ስም ነገረቻቸው፤ የአያቷንም ጨመረች። ከዚያ ከጠዋት ጀምሮ እንደራባት፣ ነገር ግን የሽንኩርት ሽታ በመጣ ቁጥር እንደሚያጥወለውላት፣ ይህንንም ለማንም እንዳልተናገረች ነገረቻቸው። ጋሼ ምንይችል አንድ ዓይናቸውን ወደኔ ወረወሩ።

«ምን አለች?» አሉ እማማ ተዋበች።

«ስሟን ነው የነገረችኝ» አሉ ጋሼ ምንይችል። «እርስዎስ፣ ስምዎ ማን ነው?»

በዚህ ጊዜ ምርመራውን እንድሠራ ያዘዙኝ እኔኑ ነው። ስልኬን ነጥቀው ኪሳቸው ከተቱ። ስትሪፑን ነክሬ ስጠብቅ ያለፉት ደቂቃዎች ከሁለት ዓመቱ ትምህርት ይረዝማሉ። የመጀመሪያው መስመር መጣ። ቅድም ኩባያው ውስጥ የነበረው የሌላ የሦስተኛ ሰው ቢሆንስ? ሁለቱንም ከመኪና አውርጄ፣ ተስፋ ሰጥቼ፣ መልሼ የለም ብላትስ? እጄን ጨብጬ አየሁት። ሁለተኛው መስመር መጣ። አለቀስኩ፤ ሽንት ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ይህን የሚያውቁት ጋሼ ምንይችል ብቻ ናቸው፤ አሁን ደግሞ እናንተ።

የእማማ ተዋበች ደግሞ ከጣታቸው ደም ተወስዶም ታየ። ስኳር ነው፤ ያውም ብዙ።

ጤና መኮንኑ ሁለቱንም አስገብቶ ነገራቸው። ሲወጡ እማማ ተዋበች የሚስቁበትና የሚያለቅሱበት ጠፍቷቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። ብዙ ቆይተው ወደ መስኮቴ አዩ።

«ልጄ፣ ያች መኪና ሄዳ ቢሆን ኖሮ…» አሉ፤ አልጨረሱትም። ያንን ፌስታል ከልጅቷ ጉልበት ላይ አንስተው እሳቸው ታቀፉት።

ነርሷ ከውስጥ «ተዋበች ቸኮል!» ብላ ጠራች፤ ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ልትነግራቸው ነው። እሳቸው ፈዘው አልሰሙም። አትጠገብ ብድግ አለች።

«እሳቸው ናቸው! እማማ፣ እርስዎን ነው፤ አቤት ይበሉ!»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የሰማው ድምፅ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብጨርሰው ያምር ነበር። ግን አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ዋለና ዕቃ ስናጥብ ጋሼ ምንይችልን ጠየቅኋቸው። «የሷ እውነተኛ ውጤት አንድ መስመር ቢሆን ኖሮስ? በትክክል ሠርቼ፣ በትክክል ጽፌ፣ በትክክል ወደ አባቷ ቤት እልካት ነበር ማለት ነው?»

እጃቸውን ሳሙና ሞልቶታል። «ያንን በስትሪፕ አናየውም» አሉኝ። «ሰውን በማህፀኗ የሚመዝን ሰው ደግሞ ሌላ ሐኪም ያስፈልገዋል። እኛ የምንሰጣት የራሷን ውጤት ነው። ሌላ ሁሉ ተነጥቃ ሊሆን ይችላል፤ ሽንቷን እንኳ ለሰው አንስጥባት።» ከዚያ ከመሳቢያ አንድ ያረጀ ደብተር አወጡ። በዚያ ክፍል የተሠራ ስህተት ሁሉ፣ በሠራው ሰው እጅ የተጻፈበት ነው። የመጀመሪያው ገጽ የራሳቸው ነበር። ላነበው ስል በእጃቸው ሸፈኑት። «የኔን ሳይሆን የራስሽን ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። ልምምዴንም በሁለት ሳምንት አስረዘሙት፤ ሁለቱንም ሳምንት ሽንት ላይ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬን ወደድኩ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ዓይነ ምድር ዛሬም አይሸትም አልልም። የተቀየረው ሌላ ነው። እማማ ተዋበችን ስወቅስ ሰነበትኩ፤ የሰው ስም ተጠርቶ አቤት ይላሉ እያልኩ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሳቸው አንድ ቀን ነው ያሉት፤ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በሌላ ሰው ስም አቤት ስል ኖሬያለሁ። እናንተም እስቲ አስቡት፤ የማን ስም ሲጠራ ነው አቤት የምትሉት? የማንንስ ኩባያ ይዛችኋል?

ለበዓል አዘና ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ከመኪና ስወርድ አንዱ እየሳቀ «ዶክተር!» አለኝ። ዞር አላልኩም። ደገመው፤ መንገዴን ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ «ማስተዋል!» አለ፤ ያኔ «አቤት» አልኩት።

አባቴ ቤት ደጃፍ ተቀምጧል። ሳምኩት።

«ሽንት ነው አሉ የምትመረምሪው።»

«አዎ አባባ። ዓይነ ምድርም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው።»

«ደግሞ ባደባባይ፣ መኪና አስቁመሽ፣ ሽንት አቀያየርኩ አልሽ አሉ።»

«አዎ።»

ተነስቶ ገባ። ተቀይሞኛል ብዬ ሦስቱንም ቀን አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። እሱም እንደኔ ዝም። ወደ ዳንግላ የምመለስ ዕለት ጠዋት ቦርሳዬን ሳነሳ አጠገቡ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ጠርሙስ አገኘሁ፤ ገና ትኩስ ነው። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ያያል።

«ሰሞኑን ያመላልሰኛል» አለ ሳይዞር። «እንዳይቀያየርብሽ ብዬ ጽፌበታለሁ።»

ጋዜጣውን ገለጥኩት። ጠርሙሱ ላይ በፕላስተር፣ በዚያ በመሠረተ ትምህርት በተማረው በትልልቁ ጽሕፈቱ፣ ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ ጽፎበታል። ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ጨምሯል፤ «የማስተዋል አባት»።